ጅራቱን ጥሎ የሸሸው እንግዳ

ጥያቄው ይህ ነው፦

«የጨው ውሃ አኳሪየም ካቆምኩ 7 ወሬ ነው። ትናንት ሌሊት፣ መብራቱ ከጠፋ ከ2 ሰዓት በኋላ፣ በእጅ ባትሪ ሳበራ መስታወቱ ላይ የሚሄድ ሲ ስለግ አገኘሁ። ርዝመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ቡናማና ክሬም ዝንጉርጉር ነው። ጀርባው ላይ፣ ወደ ራሱ ጠጋ ብሎ፣ ጥፍር የመሰለ ነገር አለ። እኔ ገዝቼ አላስገባሁትም። በጥርስ ብሩሽ ጫፍ ስነካው የኋላ አካሉ ተበጥሶ ወደቀ። እሱ ፈትለክ ብሎ ድንጋይ ስር ገባ፤ የወደቀው ቁራጭ ግን ለብቻው ይወራጭ ነበር! ከሳምንት ወዲህ ደግሞ ዞአንቲዶቼ ግማሾቹ አልከፈት ብለዋል። የሚበላቸው እሱ ይሆን? ላውጣው? ፎቶው ሰማያዊ ስለሆነብኝ ይቅርታ።»

መልሱን ላስቀድም። አያውጡት። ያገኙት ነገር ሲ ስለግ፣ ማለትም የውጭ ዛጎል የሌለው የባሕር ቀንድ አውጣ ዘመድ፣ አይደለም። ስቶማቴላ ይባላል፤ ዛጎል ያለው የለየለት ቀንድ አውጣ ነው። የሚበላው አልጌ ነው። ዞአንቲዶችን፣ እነዚያን እንደ ትንንሽ አበባ የሚከፈቱና የሚዘጉ የኮራል ዘመዶች፣ አይነካም። ዞአንቲዶችዎን የሚያስቸግራቸው ካለ ሌላ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ስለ ፎቶው አይጨነቁ። እውነቱን ለመናገር አልተጠቀምኩበትም። በሰማያዊ መብራት ስር የተነሳ ፎቶ ላይ ቡናማውም፣ ቀዩም፣ ጥቁሩም አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው። ጽሑፍዎ ግን ከፎቶው በብዙ ይሻላል። አብዛኛው ሰው «አንድ የሚያስጠላ ነገር አገኘሁ፣ ምንድን ነው?» ብሎ ያቆማል። እርስዎ የት እንዳገኙት፣ መቼ እንዳገኙት፣ ሲነካ ምን እንዳደረገ ነግረውኛል። እኔም የምፈልገው እሱን ነው።

ነገ ሌላ እንግዳ ብቅ ሲል እንዲጠቅምዎ፣ እንዴት እንደለየሁት ልንገርዎ።

ከጥፍሩ ልጀምር። ያ ጥፍር ዛጎሉ ነው። ስቶማቴላ መስታወት እንዲያጸዱ አኳሪየም ውስጥ ከምናስገባቸው ትሮከስ ቀንድ አውጣዎች ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። ዘመዶቹ ሲደነግጡ ጥቅልል ብለው ዛጎላቸው ውስጥ ይገባሉ፤ በሩንም ይዘጋሉ። እሱ አይችልም። ዛጎሉ ከአካሉ በጣም ያንሳል። የልጅነት ኮቱን ለብሶ ያደገ ጎረምሳ ነው የሚመስለው። ዛጎሉ ብዙ ጊዜ የአካሉን ቀለም ስለሚመስል ደግሞ በእጅ ባትሪ ብርሃን ላያስተውሉት ይችላሉ። እርስዎ አስተውለውታል፤ ምን እንደሆነ ብቻ ነው ያልጠረጠሩት።

ቤት የሌለው ሌላ ማምለጫ ይፈልጋል። ስለዚህ የእንሽላሊትን ዘዴ ይዟል። ጠላት ሲነካው የእግሩን የኋላ ጫፍ ራሱ በጥሶ ይጥላል። ቁራጩ እየተወራጨ አጥቂውን ያዘናጋል፣ ባለቤቱ ይሮጣል። (ለቀንድ አውጣ «ይሮጣል» ማለት ይከብዳል፤ ግን አይተውታል፣ የዋዛ ፍጥነት አይደለም።) ጅራቱ ተመልሶ ይበቅላል፤ ስለዚህ ጸጸት አይግባዎት። ብቻ በየሌሊቱ እየነካኩ አይፈትኑት። አዲስ አካል ለማብቀል ምግብ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጅራት መጣል ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። ሌሎችም ያደርጉታል። ጀርባቸው ላይ ጣት የሚመስሉ ዘለላዎች ያሏቸው ሲ ስለጎች ሲያዙ ዘለላቸውን ይጥላሉ። ከሁሉ የሚገርመው ኤሊዝያ የሚባለው የሲ ስለግ ወገን ነው። የጃፓን ናራ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት አንዳንድ ኤሊዝያዎች ከራሳቸው በታች ያለውን አካል በሙሉ፣ ልብን ጨምሮ፣ ቆርጠው ይጥላሉ። ራሱ ብቻውን እየሄደ አልጌ ይበላል፤ በ3 ሳምንት ገደማ ውስጥ አዲስ አካል ያወጣል። ይህን ያነበብኩ ቀን እኔም ደግሜ ነው ያነበብኩት። ስለዚህ ጥፍሩና ጅራቱ አንድ ላይ ስለመጡ ነው ስቶማቴላ ነው ብዬ በድፍረት የምናገረው።

ሦስተኛው ምልክት መስታወቱ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። እንግዳ ፍጡር ሲያጋጥምዎ «ምን ይመስላል?» ከማለትዎ በፊት «ምን ላይ አገኘሁት?» ይበሉ። እውነተኛ ሲ ስለጎች፣ በተለይ ኑዲብራንክ የሚባሉት፣ በምግብ ነገር ግትሮች ናቸው። አንዱ የሚበላው አንድ የስፖንጅ (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ዓይነት ብቻ ነው፣ ሌላው አንድ የኮራል ወገን ብቻ። ያንን ካጡ ሌላ አይሞክሩም፣ በረሃብ ይሞታሉ። እንዲህ ያለ ፍጡር አንድ ሌሊት ምግብ ፍለጋ መስታወት ሊያቋርጥ ይችላል፤ መስታወቱን ግን አይግጥም። የእርስዎ እንግዳ መስታወት ላይ ምን እየሠራ እንደነበር ማረጋገጥ ቀላል ነው። ጠዋት መብራት ከመብራቱ በፊት መስታወቱን በጎን ባትሪ አብርተው ይዩት። ስስ የአልጌ ሽፋን ካለ፣ በላዩ ላይ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ የሚሄድ ንጹሕ መስመር ያገኛሉ። ቀንድ አውጣው ሞረድ በመሰለ ምላሱ እየላሰ ያለፈበት መንገድ ነው። መስመሩን ካገኙ ምን እንደሚበላ አወቁ ማለት ነው።

አሁን ስለ ቀንድ። ቋንቋችን እዚህ ላይ ይረዳናል፤ «ቀንድ አውጣ» የሚለው ስም ራሱ የት መመልከት እንዳለብን ይነግረናል። በሚቀጥለው ጊዜ ቀንዱን በደንብ ይዩት። የስቶማቴላ ቀንዶች ቀጫጭንና ሹል ናቸው፤ ከሥራቸው ጥቁር ነጥብ የመሰለ ዓይን አለ። የኑዲብራንክ ቀንዶች ከራሱ አናት ላይ የቆሙ ወፈር ያሉ ናቸው። በብዙዎቹ ላይ እንደ ጥምዝ ብሎን ዙሪያውን የተደረደሩ ቅጠሎች ይታያሉ። ሥራቸው ማሽተት ነው። ሲ ሄር የሚባለው አልጌ በሊታ ደግሞ እንደ ጥንቸል ጆሮ የተጠቀለሉ ቀንዶች አሉት። ጭራሽ ቀንድ የሌለው፣ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ድንጋይ ላይ እንደ ፈሰሰ ዘይት ተዘርግቶ የሚሄድ ካዩ ቀንድ አውጣ አይደለም፤ ጠፍጣፋ ትል ነው። ከፊቱ ቀንድ የሚመስል ቢኖረውም የቆዳው ጠርዝ ታጥፎ ነው። ትልልቆቹ ጠፍጣፋ ትሎች ቀንድ አውጣና ክላም (ባለ ሁለት ክፍል ዛጎል የባሕር እንስሳ) ይበላሉ፤ እነሱን ካገኙ ማውጣት ነው።

ከእርስዎ ገለጻ ጋር ሊምታታ የሚችል አንድ ሌላ አለ፤ ስኩተስ። እሱም ዛጎሉን የሚደብቅ ቀንድ አውጣ ነው። ግን ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው፣ ከ2 ሳንቲ ሜትር በብዙ ይበልጣል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ። ጥቁሩ ቆዳ ሲከፈት መሃል ላይ ነጭ ጋሻ የመሰለ ዛጎል ይታያል። የእርስዎ ዝንጉርጉር ነው፣ ፈጣን ነው፣ ጅራቱንም ጥሏል። ስለዚህ ስኩተስን እናሰናብተው።

እውነተኛ ሲ ስለግ ቢሆንስ ኖሮ? ያኔም መልሱ እንደ ምግቡ ነው። ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ፣ ጠርዙ እንደ ሰላጣ የተኮማተረ ከሆነ ኤሊዝያ ክሪስፓታ ነው፤ የካሪቢያን ባሕር ልጅ። የአልጌን ጭማቂ ይመጥና አረንጓዴዎቹን ክፍሎች ሳይፈጭ ቆዳው ውስጥ ያኖራቸዋል። ብሪዮፕሲስ የሚባለው አስቸጋሪ አልጌ ላለበት ሰው ወዳጅ ነው። በደማቅ ቀለም ያሸበረቁት ክሮሞዶሪስ የመሳሰሉት ስፖንጅ በሊታዎች ናቸው። ኮራል አይነኩም፤ ችግራቸው ራሳቸው ናቸው። ሰው አምረውበት ይገዛቸዋል፣ የሚበሉት ስፖንጅ ስለሌለ እየከሱ ይሞታሉ። ፊሊዲያ የሚባለው ባለ እብጠት ጀርባ ዘመዳቸው ግን ሌላ ጣጣ አለው። ከስፖንጅ የወሰደውን መርዝ ቆዳው ውስጥ ያጠራቅማል፣ ሲታወክም ሆነ ሲሞት ወደ ውሃው ይለቀዋል፤ ዓሣ ይገድላል። እንግዳን ገንዳው ውስጥ አትነካኩ የምለው በእሱ ምክንያት ነው። መመርመር ከፈለጉ ከነውሃው በኩባያ አውጥተው ይመርምሩ።

ኮራል በሊታዎቹ ትንንሽና ነጣ ያሉ ወይም ኮራሉን የሚመስሉ ናቸው፤ የሚገኙትም እዚያው ኮራሉ ላይ ነው። ለምሳሌ ሞንቲፖራ የሚባለውን ኮራል የሚጨርሰው ነጭ ኑዲብራንክ ከጥቂት ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ቀን ቀን ከኮራሉ በታችኛው ፊት ይደበቃል። የሚገርመው አኳሪየም ያላቸው ሰዎች ለዓመታት ሲያለቅሱበት ከኖሩ በኋላ ነው ፌስቲላ ሰቦዲዮሳ የሚል ሳይንሳዊ ስም የወጣለት፤ እ.ኤ.አ. በ2020። ስም ሳይኖረው ስንት ኮራል በላ!

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት ገንዳዬ በአይፕታዝያ ተወርሮ ነበር። አይፕታዝያ ማለት እንደ አረም የሚራባ ትንሽ አኔሞን፣ አበባ የመሰለ የባሕር እንስሳ፣ ነው፤ አንዱን ሲነቅሉ አምስት ሆኖ ይመጣል። አንድ ምሽት ጀርባው በነጭ ዘለላዎች የተሞላ፣ 1 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ሲ ስለግ ድንጋይ ላይ አየሁ። ኮራል በሊታ መስሎኝ ክው አልኩ። በቱቦ መጥጬ አወጣሁት። በማግስቱ ሌሎች ሦስት አገኘሁ፤ እነሱንም ወደ ማጠቢያው። አንድ የሚያውቅ ጓደኛዬ ፎቶውን ሲያይ ሳቀ። በርጊያ ስቴፋኒ ነበሩ። የሚበሉት አይፕታዝያ ብቻ ነው! ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚያስመጣቸውን እኔ በነጻ መጥተውልኝ ፍሳሽ ውስጥ ደፋኋቸው። ያገኘኋቸው አንድ አይፕታዝያ ያለበት ድንጋይ ጥግ ላይ ነበር። ምን ላይ እንደቆሙ ብጠይቅ ኖሮ መልሱ ፊት ለፊቴ ነበር። «ምን ላይ አገኘሁት?» የምትለውን ጥያቄ የያዝኳት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

አሁን ወደ ዞአንቲዶቹ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ኮራሉ የታመመበት ሰው የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ጠላት ይመስለዋል። ይገባኛል። ግን አይጥ በበላ ዳዋ እንዳይመታ፣ ትክክለኛውን አይጥ እንፈልግ።

የመጀመሪያው ነገር፣ የተዘጉት አንድ ቦታ ላይ ያሉት ናቸው ወይስ በየቦታው ያሉት? በየቦታው ያሉት ሁሉ ከተዘጉ የሚጠረጠረው ውሃው ነው። የጨው መጠኑን በደንብ በተስተካከለ መለኪያ ይለኩ፤ በኪሎ ግራም 35 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። ሰሞኑን መብራት ቀይረው ወይም ከፍ አድርገው እንደሆነም ያስቡ። አንድ ጉብታ ላይ ያሉት ብቻ ከተዘጉና አጠገባቸው ያሉት ከተከፈቱ ግን የሆነ ነገር እየነካቸው ነው። ስቶማቴላው ሌሊት በላያቸው ሲያልፍ ለጊዜው ሊዘጉ ይችላሉ፤ ግን በዚያው ቀን ይከፈታሉ። ሳምንት ሙሉ ተዘግተው አይከርሙም።

የሚነካቸውን ለማግኘት ከስቶማቴላው ጋር የተገናኙበትን ሰዓት ይምረጡ። መብራት ከጠፋ ከ2 ሰዓት በኋላ፣ በእጅ ባትሪ። ቀይ ብርሃን ያለው ባትሪ ካለዎት ይሻላል፤ ብዙዎቹ ከነጭ ብርሃን ይሸሻሉ። የፖሊፖቹን (አበባ የመሰሉት የዞአንቲዱ አካላት) አናት ሳይሆን እግራቸውን፣ በመካከላቸው ያለውን ስንጥቅ ይዩ። የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ዞአንቲድ በሊታ ኑዲብራንክ ነው። ይሄ ብልጥ ነው። ከሚበላው ፖሊፕ ቀለም ስለሚወስድ አረንጓዴ ዞአንቲድ የበላው አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ የበላው ብርቱካናማ ይሆናል። ጀርባው ላይ ያሉት ዘለላዎችም የፖሊፑን ጠርዝ ይመስላሉ። እያዩት አያዩትም። እንቁላሉ ግን ያጋልጠዋል። ፖሊፑ ሥር ወይም አጠገቡ ድንጋይ ላይ የተጠቀለለ ነጣ ያለ ክር ካዩ ቁርጡ ታወቀ። ሁለተኛው ሰንዳይል የሚባል ቀንድ አውጣ ነው፤ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ያለው። ፖሊፖች መካከል ተወሽቆ ነው የሚውለው። ሦስተኛው እግሩ ቀጫጭን የሆነ የባሕር ሸረሪት ነው፤ ሲያዩት የተረሳ የክር ቁራጭ ይመስላል።

ከእነዚህ አንዱን ካገኙ ጉብታውን ከገንዳው አውጥተው በኮራል መታጠቢያ መድኃኒት ያጥቡት፤ መጠኑን ጠርሙሱ ላይ ባለው መመሪያ ልክ። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ እንስሳውን ይገድላል፣ እንቁላሉን ግን አይነካም። እንቁላሉን በእጅ ፍቀው ማውጣት አለብዎት። ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይድገሙት፤ ቢያንስ 3 ጊዜ። አንድ ጊዜ አጥቦ «ተገላገልኩ» የሚል ሰው ከወር በኋላ ተመልሶ ይጽፍልኛል።

ከዚያ በፊት ግን ይህን ልብ ይበሉ። ዞአንቲዶች፣ በተለይ ፓሊቶዋ የሚባሉት፣ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ ኃይለኛ መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። ጓንትና መነጽር ሳያደርጉ አይፍቁ፣ አይቁረጡ። እጅዎ ላይ ቁስል ካለ ሌላ ቀን ያድርጉት። ዞአንቲድ ያለበትን ድንጋይ በምንም ዓይነት እንዳይቀቅሉ፣ የፈላ ውሃም እንዳይደፉበት። ከእንፋሎቱ ጋር የተሳበው መርዝ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል ያስገባበት ጊዜ አለ። በዚህ ቀልድ የለም።

ፎቶ እንደገና ማንሳት ከፈለጉ እንዲህ ያድርጉ። እንስሳውን ከገንዳው ውሃ ጋር ወለል ባለ ብርጭቆ ውስጥ ያኑሩት። ከሥሩ ነጭ ወረቀት፣ ከጎኑ ማስመሪያ። ሰማያዊው መብራት ይጥፋ፤ ተራ ነጭ መብራት ይብራ። ከላይ አንድ፣ ከራሱ በኩል አንድ፣ ብርጭቆው ላይ ሲወጣ ደግሞ ከሥር በኩል አንድ። ብዙ ሰው የሚረሳው የሥሩን ነው፤ እግሩና አፉ የሚታየው ግን እዚያ ነው። ምን ላይ እንዳገኙትም ሁልጊዜ አብረው ይጻፉ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ኋላ እንዳይደነግጡ። አንድ ስቶማቴላ ካለ ብዙ ጊዜ ሌሎችም አሉ። ከድንጋይ ጋር ነው ተደብቀው የሚመጡት። እንደ ኑዲብራንክ ሁለት ጾታ በአንድ አካል አይደሉም፤ ወንዱና ሴቷ ይለያያሉ። እናም አንድ ምሽት መስታወቱ ላይ ወይም ድንጋዩ ጫፍ ላይ ከፍ ብለው ተሰልፈው ያገኟቸዋል። ወንዶቹ እንደ ወተት ነጭ ጭስ ይለቃሉ፣ ሴቶቹ አረንጓዴ ቀመስ ደቃቅ እንቁላል። ውሃው ይደፈርሳል። ገንዳው የተበላሸ ይመስላል፤ አልተበላሸም። ማጣሪያው እስከ ጠዋት ያጠራዋል። ከሳምንታት በኋላ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህሉ፣ ጥፍር የመሰለ ዛጎል ያዘሉ ልጆች መስታወቱ ላይ ማየት ይጀምራሉ።